«አንዱ ልቤ ተኚ ይለኛል፣ አንዱ ልቤ ተይኝ ይለኛል»፦ ለአንዲት የጅማ ቴለር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ስሜ ይቆይ። 28 ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ባንክ ቴለር ነኝ። በሰባት ዓመቴ ከገጠር መጥቼ አክስቴ ጋ ነው ያደግኩት። አሁን ከታናሽ እህቴ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሥራ ላይ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል። ውስጤ ግን የሚቆጣኝ ነገር አለ። ብሩን ቆጥሬ ጨርሼ እንኳን ‹ድገሚ፣ አንቺ መች ትታመኛለሽ› ይለኛል። የቡናው ወቅት ከገባ ወዲህ ብሶብኛል። ማታ ደግሞ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ስልኬን ይዤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቲክቶክ ሳይ አመሻለሁ። አንዱ ልቤ ‹ተኚ› ይለኛል፣ አንዱ ልቤ ‹ተይኝ፣ ደክሞኛል› ይለኛል። ባለፈው እህቴ ‹ስልኩን ዝጊና ተኚ› ስትለኝ ጮህኩባት፣ አለቀሰች። እዚያው ስልክ ላይ ‹የውስጥ ክፍሎች› የሚባል ሕክምና አየሁ። ሁላችንም ውስጥ ክፍሎች አሉ፣ የተጎዳችውን ትንሽ ልጅ ፈልጋችሁ እቀፏት ይላሉ። እኔ ውስጥ ብዙ ሰው አለ ማለት ነው? እብደት አይደለም ወይ? አያቴ ብትሰማ ጂን ነው የምትለው። እውነተኛ ሕክምና ከሆነ ብቻዬን ልሞክረው? ጅማ ላይስ ይገኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ነው። ሁሉንም እመልሳለሁ፣ በጠየቅሽው ቅደም ተከተል ግን አይደለም።

እብደት አይደለም። አንዱ ልብ ተኚ ሲል አንዱ ልብ እምቢ ማለቱ ጤነኛ ሰው ሁሉ ላይ ያለ ነገር ነው። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ ሲጠበስ የሸተተው ሰው ያውቀዋል። በሁዳዴ ሥጋ ቤት በር ላይ ያለፈም ያውቀዋል።

የሥነ ልቦና ሰዎችም ይህን ካስተዋሉ ቆይቷል። ፍሮይድ በ1923 የሰውን አእምሮ ለሦስት ከፍሎ ጻፈ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ጣሊያናዊው ሐኪም ሮቤርቶ አሳጆሊ በአንድ ሰው ውስጥ ብዙ ንዑስ ማንነቶች አሉ ብሎ አስተማረ። የአእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ በርን ወላጅ፣ አዋቂና ልጅ የሚላቸውን ሦስት ሁኔታዎች አመጣ። ፍሪትዝ ፐርልስ የሚባል ሌላ ሐኪም ደግሞ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጦ ሰውዬው ከራሱ ሌላ ገጽታ ጋር እንዲከራከር ያደርግ ነበር። አንቺ ስልክሽ ላይ ያየሽው ግን የሪቻርድ ሽዋርትዝ ነው ብዬ እገምታለሁ። አሁን በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው የሱ ነው።

ሽዋርትዝ አሜሪካዊ የቤተሰብ ቴራፒስት ነው፣ ቤተሰብን በንግግር የሚያክም ባለሙያ። በ1980ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ቡሊሚያ ያለባቸውን፣ ማለትም ያለ ልክ በልተው ወዲያው የሚያስመልሱ ወጣቶችን ያክም ነበር። በሙያው ደንብ መሠረት ቤተሰቡን ሰብስቦ አነጋገረ፣ የቤቱን ግንኙነት ለማስተካከል ሞከረ። ልጆቹ ግን መብላትና ማስመለሱን አልተዉም። ምን እንደሚሆኑ ሲጠይቃቸው ስለ «ክፍሎቻቸው» ያወሩት ጀመር። አንዷ ክፍል ትሰድባቸዋለች። ስድቡ ሲበዛ ሌላዋ ባዶነትና ብቸኝነት ይሰማታል። ያ ሲከብድ ሦስተኛዋ ትነሣና ምግብ ላይ ትወድቃለች። ከዚያ ተሳዳቢዋ «አየሽ፣ አሁንም በላሽ» ብላ ትመለሳለች። ሽዋርትዝ ቤተሰብ ውስጥ ሲያየው የኖረውን ፍጥጫ ሰው ውስጥ አገኘው። ሕክምናውን የውስጥ ቤተሰብ ሥርዓት ብሎ የሰየመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ምግቡን አውጪና ስልክሽን አስገቢ። ያው ያንቺ ቀን ነው።

«ብዙ ሰው አለ ማለት ነው?» ላልሽው፣ አይደለም። ሽዋርትዝ ራሱ ክፍሎቹን የየራሳቸው ስሜትና ሐሳብ ያላቸው እውነተኛ ንዑስ ማንነቶች አድርጎ ነው የሚያያቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ አብሬው አልሄድም። ለኔ ክፍል ማለት ሐሳብ፣ ስሜት፣ የሰውነት ሁኔታና ልማድ ተያይዘው አንድ ላይ የሚነሡበት ነገር ነው። ውስጥሽ ያለችው ተቆጪ ስትነሣ ትከሻሽ ይወጠራል፣ እጅሽ ይፈጥናል፣ «ድገሚ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሦስቱ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ለዚህ ጥቅል ስም ሰጥቶ ማነጋገሩ ይጠቅማል። ለመጥቀሙ ደግሞ ውስጥሽ ሰዎች መኖራቸውን ማመን አያስፈልግሽም።

ከመቀጠሌ በፊት ግን መስመሩን ላስምርልሽ። ማንም በሌለበት በጆሮሽ፣ ከውጭ እንደመጣ ሆኖ ድምፅ የምትሰሚ ከሆነ፣ ድምፁም የሚያዝሽ ከሆነ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። ሰዓታት ጠፍተውብሽ የት እንደነበርሽ የማታውቂ ከሆነም ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ሐኪም ይፈልጋሉ፣ በራስ በሚሠራ ልምምድም አይነኩም። ራስሽን ለመጉዳት የሚያስብ ክፍል ካለ ደግሞ ለልምምድም ለቀጠሮም አትጠብቂ። በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪና ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። በጻፍሽልኝ ውስጥ ይህን አላየሁም። ሰው ግን ሁሉን አይጽፍም።

ሽዋርትዝ ክፍሎችን በሥራቸው ይለያቸዋል። ቀድመው የሚጠነቀቁ አሉ፣ አስተዳዳሪዎች ይላቸዋል። ሥራቸው ችግር ሳይመጣ መከላከል ነው። ማቀድ፣ መቆጣጠር፣ መተቸት፣ ሰውን ማስደሰት። ሕመሙ ከተቀሰቀሰ በኋላ የሚደርሱ ደግሞ አሉ፣ እነዚህን እሳት አደጋ ይላቸዋል። ቤቱ በውኃ ቢበላሽ አይገዳቸውም፣ እሳቱ ይጥፋ እንጂ። አንቺ ጋ ስልክ ሆነ። ሌላው ጋ ጫት ነው፣ መጠጥ ነው፣ ቤቲንግ ነው። ሁለቱም ቡድኖች የሚጠብቁት ከኋላ የተደበቀ፣ ሕመም የተሸከመ፣ ብዙ ጊዜም ልጅ የሆነ ክፍል አለ። እሱን የተገፋው ክፍል ልንለው እንችላለን።

ተቆጪሽ ሥራ የሌላት ጨቋኝ አይደለችም። እስቲ ቴለርነትን አስቢው። ጉድለት ቢገኝ ከኪስሽ ነው የሚወጣው። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መለቀም ሲጀምር ነጋዴው ለገበሬው የሚከፍለው ጥሬ ብር ይፈልጋል፣ ወረፋው በር ድረስ ይደርሳል። በዚህ መሐል «ድገሚ» የምትል ክፍል ባትኖርሽ ነበር የሚገርመኝ። ችግሩ የሥራ ሰዓቷን አለማወቋ ነው። ካዝናው ተዘግቶም፣ ቤት ገብተሽም፣ ወጥ እየሠራሽም አለች።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ቤት ያደገ ልጅ ቶሎ የሚማረው ነገር አለ። ሳይታዘዝ መሥራት፣ አለማስቸገር፣ ዕቃ አለመስበር፣ ሲጠሩት ከሁለተኛው ጥሪ በፊት መድረስ። አክስትሽን አላውቃቸውም፣ እጅግ ደግ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግ ቤትም ቢሆን የሰባት ዓመት ልጅ «ቦታዬን እንዳላጣ» ብላ ትጠነቀቃለች። ተቆጪሽ ያኔ ተወልዳ ይሆናል። «ሌላ ሰው ሳይቆጣሽ እኔ ልቅደም» ብላ። ይህ ግምት ነው። ካልገጠመሽ ጣዪው፣ አትከራከሪው።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ተቆጪዋን አታባሪያት፣ አነጋግሪያት። በጥያቄሽ ውስጥ ትንሿን ልጅ ማቀፍ አለ፣ ስልኩን መተው አለ፣ ከተቆጪዋ ጋር መነጋገር ግን የለም። ሁሉም ሰው እሷን ዘሎ ማለፍ ነው የሚፈልገው። በሩ ላይ ያለችው ግን እሷ ናት።

እንዴት ይሠራል? ቅርብ ጊዜ የተቆጣችሽን አንድ ቀን አስታውሺ፣ ትንሹን ምረጪ። ከበድ ያለውን አትንኪ። ስታስታውሺው ሰውነትሽ ውስጥ የት ጋ እንደምትነሣ እዪ። ደረት ነው? መንጋጋ? ሆድ? እዚያ ላይ ትንሽ ቆዪ። ከዚያ ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «አሁን ለዚህች ክፍል ምን ይሰማኛል?»

የዚህ ሕክምና ጥበቡ ሁሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ብልሽ አላጋነንኩም። ብዙ ሰው «እጠላታለሁ» ይላል። ወይም «እፈራታለሁ»። እንዲህ የሚለው ዋናው አንቺ አይደለሽም። ሌላ ክፍል ነው፣ በተቆጪዋ የተማረረ። ሁለቱ ሲጣሉ ደግሞ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ የተማረረውን ክፍል «ገባኝ፣ ልክ ነህ፣ ግን ትንሽ ፈቀቅ በልልኝና ላዳምጣት» ትዪዋለሽ። አንዳንዴ ፈቀቅ ይላል። አንዳንዴ እምቢ ይላል። እምቢ ካለ በግድ አይደለም፣ ለዛሬ ከእሱ ጋር ብቻ አውሪና ተነሺ።

ፈቀቅ ሲል የሚቀረው ምንድን ነው? ሽዋርትዝ በክፍሎቹ ያልተሸፈነ አንድ ዋና እኔነት በሁሉም ሰው ውስጥ አለ ይላል። እርጋታ፣ ለማወቅ መጓጓት፣ ርኅራኄ፣ ድፍረት መለያዎቹ ናቸው። እኔ የምለይበት ቀላል መንገድ አለኝ። ሽማግሌ የተጣሉ ሰዎችን ሊያስታርቅ ሲቀመጥ የአንዱን ወገን ቂም ይዞ አይገባም፣ የሁለቱንም ይሰማል፣ ማንንም አይቸኩልበትም። አንቺም ተቆጪዋን ስታዪያት «እስቲ ምን ሆና ነው?» የሚል ስሜት ከመጣብሽ ቦታው ላይ ደርሰሻል። ካልመጣ ገና ከተጣሉት አንዷ ነሽ።

ከዚያ ጠይቂያት። «ምን እየሠራሽልኝ ነው?» በያት። «ይህን ሥራ ብታቆሚ ምን ይመጣል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከቁጣው ሥር ያለውን ፍርሃት ያወጣዋል። «ይጥሉሻል» ልትል ትችላለች። «ያፍሩብሻል» ልትል ትችላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ በጣም የምወዳት ጥያቄ ናት፦ «አሁን ስንት ዓመቴ ይመስልሻል?» የሚያስገርም መልስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህች ነው። ተቆጪዋ ገና ልጅ እንደሆንሽ፣ ገና ሰው ቤት እንዳለሽ አድርጋ እየጠበቀችሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አሁን 28 እንደሞላሽ፣ ደመወዝ እንዳለሽ፣ የቤት ኪራዩን የምትከፍዪው አንቺ እንደሆንሽ ንገሪያት። ነገሩ ሲጻፍ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሲሞከር ትከሻ ሲላላ ይታወቃል።

መልሱ በቃል ላይመጣ ይችላል። ምስል ይመጣል፣ ትዝታ ይመጣል፣ ወይም የሆነ ቦታ ላይ ሙቀት ይሰማል። ምንም ካልመጣም አይምጣ። መልስ ፈጥረሽ አትሙዪ። ስትጨርሺ አመስግኛት። ስላዳመጠችሽ ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ዓመት ስለሠራችው። ይህን ስል የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ።

ቦታን በተመለከተ፣ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ለብቻው የሚቀመጥበት ጥግ እንደማያገኝ አውቃለሁ። የግቢ ኑሮ ነው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርሽ ይላል። ዐይን መጨፈን፣ ሻማ ማብራት፣ የሚያምር ትራስ፣ ቪዲዮው ላይ የምታዪው ሁሉ ግዴታ አይደለም። ደብተር ላይ መጻፍ ይበቃል። አንድ መስመር አንቺ፣ አንድ መስመር እሷ። ወይም ከሥራ ወጥተሽ በእግር ስትሄጂ፣ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ትንሽ ቆም ብለሽም ይሆናል። ጮክ ብለሽ እንዳታወሪ ብቻ፣ ያኔ የአያትሽን ሐሳብ የሚደግፍ አላፊ አግዳሚ አይጠፋም። ሩብ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ያህሉን ብቻሽን መሞከር ትችያለሽ። «ትንሿን ልጅ ፈልጋችሁ እቀፏት» የሚለውን ግን ብቻሽን አታድርጊው። እዚህ ላይ ከቪዲዮዎቹ ጋር በግልጽ እለያያለሁ። በሽዋርትዝ ሥርዓት ራሱ ወደ ተገፋው ክፍል የሚኬደው ጠባቂዎቹ፣ ማለትም አስተዳዳሪዎቹና እሳት አደጋዎቹ፣ ሲፈቅዱ ነው። እነሱን ዘሎ የሄደ ሰው ላይ የድሮው ሕመም በአንድ ጊዜ ይፈስበታል። ቀጥሎ ጠባቂዎቹ ደንግጠው ከበፊቱ ብሰው ይመጣሉ። ተቆጪዋ ትጮኻለች፣ ስልኩ እስከ ንጋት ይሆናል። በዚያ ሰዓት አጠገብሽ የሚያረጋጋሽ የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት።

ሁለተኛ ምክንያት አለኝ። ትዝታ እንደ ባንክ መዝገብ ተቀምጦ የሚገኝ ነገር አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ በ1990ዎቹ የታወቀ ሙከራ አድርጋለች። ለሰዎች ከቤተሰብ የተገኙ እውነተኛ የልጅነት ታሪኮች ቀረቡላቸው፣ መሐል ላይ አንድ የውሸት ተጨመረ፣ ልጅ እያለህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር የሚል። ሩብ ያህሉ በሙሉም ሆነ በከፊል አስታወስነው አሉ። ያልሆነውን። ስለዚህ ዐይንሽን ጨፍነሽ ስለ አክስትሽ ቤት አንድ ምስል ቢመጣ፣ ስሜቱ እውነተኛ ነው፣ ክብር ይገባዋል። ምስሉ ግን ማስረጃ አይደለም። በዚያ ተነሥተሽ ዘመድ እንዳትከሺ። ጥሩ ቴራፒስት «እንዲህ ተደርገሽ ይሆናል» ብሎ አፍሽ ላይ አያስቀምጥልሽም። የሚያስቀምጥ ካጋጠመሽ ተነሥተሽ ሂጂ።

እውነተኛ ሕክምና ነው ወይ? ነው። ግን የተጠናውና የሚወራለት እኩል አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ያለባቸውን 79 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዚህ ሕክምና፣ ግማሹን ስለ ሕመሙ በማስተማር አስተያይቷል። ሕክምናውን ያገኙት ላይ የሕመም ስሜትና የድብርት ምልክት ቀንሷል። በ2021 ደግሞ በልጅነታቸው ብዙ ጉዳት የደረሰባቸው 17 አዋቂዎች ታክመው አብዛኞቹ በጣም ተሻሻሉ፣ ግን የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን አልነበረም። ጥሩ ጅምር ነው። የሐሳብንና የባህርይን ልማድ በመለወጥ ከሚያክመው ከሐሳብና ባህርይ ሕክምና (CBT) ጋር ሲነጻጸር ግን ገና ልጅ ነው፣ የዚያኛው ጥናቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። «ለሁሉም በሽታ» ብሎ የሚሸጥልሽን ሰው በጥርጣሬ እዪው።

ታዲያ ለምን እጠቀምበታለሁ? ራሱን ለሚሰድብ ሰው «ራስህን ውደድ» ማለት እንደማይሠራ ስላየሁ ነው። እንዲያውም ይብሳል፣ ተቆጪው «ይህንንም አልቻልክም» ይላል። «ተቆጪህ ምን ፈርቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በር ይከፍታል። ለዚህ ደግሞ የሽዋርትዝን ንድፈ ሐሳብ በሙሉ መቀበል አያስፈልግም።

አያትሽን በተመለከተ። አትከራከሪያቸው። እሳቸው በሚያውቁት ቋንቋ ማስረዳት ካስፈለገሽ መንገድ አለ። በእስልምና ትምህርት ሰውን ወደ ክፉ የምታዝ ነፍስ፣ ራሷን የምትወቅስ ነፍስ፣ የረጋች ነፍስ እየተባለ ይነገራል፣ አያትሽ ከኔ በላይ ያውቁታል። ይህ ከሽዋርትዝ ሐሳብ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ አይደለምም። ሰው ከራሱ ጋር መታገሉን፣ ለዚህም ጂን መጥራት እንደማያስፈልግ ለማሳየት ግን ይበቃል። ቁርኣን ላስቀራብሽ ካሉሽ እሺ በያቸው፣ ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣላም። መደብደብ፣ ጭስ ውስጥ መታፈን፣ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ከመጣ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እምቢ በዪ።

ወደ ጅማ ልምጣ። ይህን ሕክምና በስሙ የሚሰጥ ሰው በመፈለግ ጊዜሽን አታጥፊ። መደበኛ ሥልጠናው በሦስት ደረጃ የሚሰጥ፣ በዶላር የሚከፈል ነገር ነው። ስሙን ሳይሆን ሰውዬውን ፈልጊ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ዩኒቨርሲቲውም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ያሠለጥናል። ስትሄጂ «መድኃኒት ብቻ ነው ወይስ በንግግር የሚያክም ባለሙያም አገኛለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ባለሙያውን ስታገኚ ሥልጠናውን ጠይቂ፣ በልጅነት ጉዳት ላይ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ፣ ስሜት ቢገነፍል እንዴት እንደሚያረጋጋሽ ጠይቂ። ጥያቄ የሚያስቆጣው ባለሙያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የታካሚን ታሪክ ቲክቶክ ላይ የሚያወራም አይሆንም። የእንቅልፍሽንና የድካምሽን ነገር ስትነግሪያቸው የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዩልሽ አንሺ፣ የድካም ምክንያት ሁሉ ልብ ውስጥ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ጅማ ላይ በጣም ስለማየው ልንገርሽ። ከገጠር ስትመጪ አፋን ኦሮሞ ብቻ ትናገሪ ከነበረ፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ አማርኛ አታውቅም። ባለጉዳዮች በአማርኛ ስለ ልጅነታቸው ደረቅ ሪፖርት ሲያቀርቡልኝ ቆይተው፣ በአፋን ኦሮሞ «እስቲ ያኔ ምን አልሽ?» ሲባሉ ድምፃቸው ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚናገር ባለሙያ ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ። ደብተሩ ላይም በመጣልሽ ቋንቋ ጻፊ፣ ብትቀላቅዪውም ማንም አያርምሽም።

ስልኩን አልረሳሁትም። ማታ ማታ ከስልኩ ጋር የሚያስቀምጥሽን ክፍል ስንፍና አትበዪው። ቀኑን ሙሉ ስትሰደብ የዋለች ሴት ላይ ማታ እረፍት ይዞ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው። ተቆጪዋ ቀለል ስትል እሱም ይቀልለዋል፣ ለዚህ ነው ከእሷ ጀምሪ ያልኩሽ። እስከዚያው ግን እንቅልፍ አይጠብቅም። በሌሊቱ ስምንት ተኝታ ጠዋት ብር የምትቆጥር ሴት ትሳሳታለች፣ ስትሳሳት ተቆጪዋ ትክክል ነበርኩ ትላለች።

እና እህትሽ። በዚህ ሕክምና ውስጥ አንድ የምወደው ደንብ አለ። ክፍልሽ ሆነሽ አትናገሪ፣ ስለ ክፍልሽ ተናገሪ ይላል። «ተይኝ!» ብሎ የጮኸው የደከመው ክፍልሽ ነው። አሁን አንቺ ስለ እሱ ልትነግሪያት ትችያለሽ። ለምሳሌ፦ «ያን ቀን ስልኩን ዝጊ ስትዪኝ አንዱ ልቤ ቀኑን ሙሉ ሲታዘዝ ስለዋለ፣ ሌላ ትእዛዝ መስሎት ነው የተቆጣው። አንቺ ግን ልክ ነበርሽ። ማስለቀሴ አሳዝኖኛል።» ሰበብ አይደለም፣ ጥፋቱን አልካድሽም። ከዚያ በሰላም ቀን ቁጭ ብላችሁ ስለ ሰዓቱ ተስማሙ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ስልኩ በእሷ ትራስ ሥር ይደር ብትሉ ይሠራል፣ ሐሳቡ ካንቺ ከመጣ። ከእሷ ከመጣ ያው ትእዛዝ ነው፣ ያ የደከመው ክፍል እንደገና ይነሣል። ደብተሩን ግን አታሳያት፣ እሱ ያንቺ ነው።